የድስቱ የታችኛው ጥግ

ኅዳር 12

ለእቴቴ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ከተለየሁሽ ገና ሁለት ወር ነው፤ ለእኔ ግን ዓመት ሆኖብኛል። “ከስተሻል ወይ?” ላልሽው ቀሚሴ ይመስክር፣ ወገቡ ላይ አልቆለፍ ብሏል። ክፍሌ አንዲት መስኮት አላት። መስኮቷ የምታሳየኝ የዋናውን መሥሪያ ቤት የመኪና ማቆሚያ ስለሆነ፣ “ፍሬን አልባው” የምንለው ሹፌራችን አምቡላንሱን ሲያቆም አየዋለሁ። ደብዳቤሽን ይዞ እንደሆነ ከአወራረዱ አውቃለሁ።

የወረቀቷን ነገር ልንገርሽ። ተሳክቷል እቴቴ! እኛ የቀዶ ጥገና ዕቃ ከጀርም በምናጸዳበት ማምከኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የለጠፍኳት ያቺ አንድ ገጽ የአሠራር መመሪያ በአሥራ አንድ ሆስፒታሎች ልትለጠፍ ነው። ጥር 5 እና 6 የአሥራ አንዱም ማምከኛ ክፍል ኃላፊዎች እዚህ ይሰበሰባሉ። አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ወረቀቷም ያኔ ትታደላለች። ሥራ አስኪያጁ ሰው በመጣ ቁጥር “በቀን ሰባት ዙር የነበረውን ሥራ ያለ ምንም ወጪ ስድስት ያደረገች” እያሉ ያስተዋውቁኛል። እኛ ድስት የምንለውን የእንፋሎት ማሽን እዚህ በሙሉ ስሙ ነው የሚጠሩት። የመጀመሪያ ቀን “ድስቱ” ስል ከወጥ ቤት የመጣሁ መስሏቸው ሳቁብኝ።

ምሳሌዬ ሁሌም ያቺ ጎባጣ ሳህን ናት። ከታችኛው መደርደሪያ በስተኋላ ጥጉን ይዛ ስንት ዓመት ባዶዋን ስትቀቀል ኖረች! እሷን አንስተን በቦታዋ የቀዶ ጥገና ዕቃ ጥቅል ብንደረድር አንድ ሙሉ ዙር ተረፈን። ነገሩ ይኸው ነው፤ ለዚህ ነው የተሾምኩት።

ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። ወረቀቷን ልኬልሽ ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። ስለ ጎረቤት ድመት አንድ ገጽ ሙሉ አለ፤ ስለ ወረቀቷ አንድ ቃል የለም። አሥራ አራት ዓመት ድስቱን የሞላሽው አንቺ ነሽ። “ከበሩ ወዲህ ኃላፊና ሠራተኛ፣ ከበሩ ወዲያ እናትና ልጅ፤ የሥራ ወሬ ቤት አይገባም” ያልኩት ሰው “ለአክስቷ ታደላለች” እንዳይለኝ ነበር። አሁን ኃላፊሽ አይደለሁምና ሕጉን እንደተሻረ ቁጠሪውና የመሰለሽን ጻፊልኝ።

ስለ እግርሽ ደግሞ “ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው” ብለሽ አለፍሽ። ትንሽ ስንት ነው?

ልጅሽ


ኅዳር 25

ለልጄ፣

ትንሽ ማለት ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ጀሶ ማለት ነው። ይኸው ነገርኩሽ። የደበቅሁሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው፤ አውቅሻለሁ፣ አንቺ ለእኔ ሲሆን አእምሮ የለሽም። ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ሌላ አምስት ይቀረኛል። ጎረቤቴ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ድመቷም እግሬ ላይ ትተኛለች፣ ምን ጎደለብኝ? የወደቅሁት ደረጃ ላይ ነው። የትኛው ደረጃ ብትዪኝ፣ ደረጃ ሁሉ ያው ነው።

በሥራ ቦታሽ የተተካው ባለ ክራቫት መልካም ሰው ነው፤ በማንም ላይ አይጮህም፣ ማንንም ግን አይሰማም። በእኔ ቦታ ሁለት አዳዲስ ሠራተኞች ገብተዋል። ጎበዞች ናቸው፣ ወረቀትሽን ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ይዘዋታል። አንዲት ነገር አያዛንፉም ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ወረቀቷን አንብቤያታለሁ። ጽሕፈቷ ያምራል።

ለመሆኑ ወረቀቷን ማተሙ ትንሽ ቢዘገይ ምን ይሆናል? ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ዝም ብዬ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ያቺን ሳህን ስታነሺ፣ ማን ለምን እንዳስቀመጣት ጠይቀሽ ነበር ወይ?

አክስትሽ


ታኅሣሥ 4

ለእቴቴ፣

ጀሶ! ለዚህ አንድ ቀን እንጣላለን፤ ዛሬ ጊዜ የለኝም።

ወረቀቷ ማተሚያ ቤት ገብታለች። ላዘገያት ብል “ለምን?” ይሉኛል፤ “አክስቴ ዝም ብላ ነው” ልበላቸው?

ጠይቀሽ ነበር ወይ ትይኛለሽ። እንዴት አልጠይቅም! ረሳሽው እንዴ፣ ስብሰባ ላይ ሳህኗን ከፍ አድርጌ “ይህቺ ለምንድን ናት?” አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው “ድሮም እዚያው ናት” አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃሏን ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት፤ ዛሬም ስልጠና የምከፍተው በእሷው ነው። “በሥራ ቦታ የመሻሻል ትልቁ ጠላት ይህ መልስ ነው” እላለሁ፤ አዳራሹ ይስቃል።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር፤ መልሼ አነሳሁት። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ዝም ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለሽም። “ዝም ብዬ ነው” ያልሽኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከትምህርት ቤት ልትወስጂኝ ያለ ሰዓቱ የመጣሽ ዕለት፣ አባቴ የሞተ ዕለት። ምን ሆኗል? ስልክ ላይ እንዳልጠይቅሽ ያለው ስልክ ባለ ክራቫቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። በፍሬን አልባው ቶሎ ላኪልኝ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 10

ለልጄ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

“ድሮም እዚያው ናት” ያልኩት እኔ ነኝ። ከኋላም አልነበርኩም፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ንግግሬን አልጨረስኩም ነበር። “ድሮም እዚያው ናት፤ መካኒኩ ነው ያስቀመጣት” ልል ስል ሳቁ ቀደመኝ። አንቺም ጠመኔ አነሳሽ።

የድሮው መካኒክ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እኔ በገባሁ ዓመት ከዚያ ጥግ የሚወጣው ጥቅል እርጥብ ሲሆንብን ድስቱን ፈትቶ አየው። “እዚህ ጥግ አየር ታስሮ ይቀራል፤ እንፋሎቱ አይደርስም። ጥቅሉ ይሞቃል እንጂ አይመክንም” አለኝ። መለዋወጫ እስኪመጣ ማንም እንዳይሞላው ብሎ ያቺን ሳህን አስቀመጠ። መለዋወጫው አልመጣም፤ እሱም ሞተ። ምክንያቱን የሚያውቁት አንድ በአንድ ጡረታ ወጡና እኔ ብቻ ቀረሁ።

ማታ ቤት ልነግርሽ ተነስቼ ነበር። ሕግሽ አለ፤ ግን በሕግሽ አላመካኝም። ልጄ የክፍላችን ኃላፊ በሆነች በሦስተኛ ወሯ በአክስቷ አፍ ስትታረም ሰው እንዳያይ ፈራሁ። ቀጥሎ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ያሞግስሽ ጀመር፣ ያኔማ ጭራሽ አፌ ተያዘ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቀዘ።

ስለዚህ የዚያን ጥግ ጥቅሎች በየዙሩ ለይቼ አስቀምጥ ነበር። ጠዋት ከሰው አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባና ለብቻቸው እደግማቸዋለሁ። መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም። አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ሠራሁ። ስድስት ያልሽው ዙር አንድም ቀን ስድስት ሆኖ አያውቅም፤ ሰባተኛው እኔ ነበርኩ። የወደቅሁትም ጥቅል ታቅፌ በክፍላችን ደረጃ ላይ ነው።

ስወድቅ “በሳምንት እመለሳለሁ” ብዬ ለአዳዲሶቹ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ይህ የእኔ ነው፣ ከማንም ጋር አልካፈለውም። ትናንት ከእናቶች ክፍል አንዲት ነርስ ልትጠይቀኝ መጥታ ስናወራ፣ በኦፕራሲዮን የወለዱ አራት ሴቶች ቁስላቸው አመርቅዟል አለችኝ። አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሷ ይብሳል። መቼ እንደወለዱ ስጠይቃት አራቱም እኔ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

ወዲያው “ሳህኗን መልሷት” ብዬ ሰው ላክሁ። አዲሶቹ “ወረቀቱ ላይ የለም” አሉ። ባለ ክራቫቱ “ከበላይ ደብዳቤ ታምጣ” አለ። የበላይ አንቺ ነሽ። ይህን እንዳነበብሽ ደውዪ። ስለ እኔ አታስቢ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 12

እቴቴ፣

ደውያለሁ። ጥጉ ከዛሬ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ባዶ ነው። አንቺ ከወደቅሽ ወዲህ የተዘጋጀው ጥቅል በሙሉ ከየክፍሉ ተሰብስቦ እየተደገመ ነው። ባለ ክራቫቱ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ “ለጥንቃቄ” አልኩት።

ተናድጃለሁ። አንቺ ላይ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ግማሽ ገጽ ጽፌ ቀደድኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርሽ። እንዴት ድምፅሽን አላወቅሁትም?

አሁን አሥራ አንዱ አሉ። ድስቶቻቸው ከእኛው ጋር በአንድ ጊዜ የተገዙ ናቸው። አስቤበታለሁ። ወረቀቷ ላይ አንዲት መስመር እጨምራለሁ፦ “የታችኛው መደርደሪያ የኋላ ጥግ ባዶ ይሁን።” ሌላ ምንም አልልም። ማንም አይጎዳም፣ ዙሩንም ማንም ተመልሶ አይቆጥርም፣ እኔም እቆያለሁ። እዚህ ብቆይ ብዙ ነገር ላስተካክል እችላለሁ እኮ። ይበቃል በዪኝ። እባክሽ እቴቴ፣ ይበቃል በዪኝ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 23

ለልጄ፣

መልሴ የዘገየው ሹፌሩ ጠፍቶ አይደለም። ሁለት ጊዜ መጥቶ በር ላይ ጠብቆኝ ባዶ እጁን ሸኘሁት። አንቺ ለምነሽኝ እምቢ ማለት አልለመድኩም፤ የተበላሽሽውም በዚያ ሳይሆን አይቀርም።

አይበቃም።

መካኒኩ ሳህኗን አስቀመጠ እንጂ ምክንያቱን አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም። አሁን ሦስተኛዋ አንቺ ልትሆኚ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንዳንቺ ጎበዝ የሆነች ልጅ ትመጣና “ይህ ቦታ ለምን ባዶ ይሆናል?” ትላለች። የሚመልስላት አታገኝም፣ ትሞላዋለች። ምን ጥፋት አለባት? የጠየቀች እሷ፣ መልሱን የደበቅን እኛ። ደግሞስ የሌላው ድስት የት ጋ እንደሚቀዘቅዝ በምን አወቅሽ? የእኛው ከታች በስተኋላ ነው፤ የእነሱ ከላይ ቢሆንስ? ምክንያቱን ካላወቁ የራሳቸውን አይፈትሹም፣ ያንቺን ጥግ ባዶ አድርገው የራሳቸውን ይሞላሉ።

የእኔንም ጻፊው። “አንዲት ሠራተኛ እያወቀች ዝም አለች፣ ዝም ያለችውም በሳቅ ስላቋረጥናት ነው” በዪ። ሁለቱንም በዪ እንጂ አንዱን ብቻ እንዳትዪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

“አትፈሪም ወይ?” ብለሻል፣ በቃል በላክሽብኝ መልእክት። እፈራለሁ እንጂ! ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ያልተመዘገበውን ዙር ሄጄ ለባለ ክራቫቱ ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠርቶኛል። አንቺም ቦታሽን ልታጪ ትችያለሽ። አታጪም ብዬ አልዋሽሽም።

ሴቶቹ እንዴት ናቸው ላልሽው ሦስቱ እየተሻላቸው ነው። ስለ አራተኛዋ ሌላ ጊዜ።

አክስትሽ


ጥር 8

ለእቴቴ፣

“ስለ አራተኛዋ ሌላ ጊዜ” ብለሽኝ ነበር። አሁን ንገሪኝ፤ የመጣውን እችላለሁ።

ለሥራ አስኪያጁ አስቀድሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያሉትን አልጽፈውም፣ ወረቀቱ ያሳዝነኛል። መጨረሻ ላይ ግን “ሰዎቹ መንገድ ጀምረዋል፣ መመለስ አይቻልም፤ የምትዪውን ታውቂያለሽ” ብለው በሩን ዘጉ።

ጥር 5 ጠዋት የታተመችውን ወረቀት አላደልኩም። ተነስቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳህኗን፣ መካኒኩን፣ ሰባተኛውን ዙር፣ አራቱን ሴቶች። “‘ድሮም እዚያው ናት’ ያለችው ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ንግግሯን ያቋረጥኳት እኔ ነኝ” አልኩ። ያለቀልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ከመሃል አንድ ጸጉሩ የሸበተ ኃላፊ እጁን አወጣ። “እኛ ጋ ከድስቱ በር ሥር የገባች ሽብልቅ እንጨት ነበረች” አለ። “ያንቺን ዝና ሰምቼ፣ እኔም ላሻሽል ብዬ፣ ባለፈው ሳምንት አስጣልኳት።” ንግግሩን ሳይጨርስ ተነሳ። “ስልክ የት ነው?” አለኝ። ኮቱን ወንበር ላይ ትቶ ሮጦ ወጣ። ሌላዋ ተከተለችው። ሻይ ሳይደርስ ኮሪደሩ ላይ ሰልፍ ሆነ፤ አንድ ስልክ፣ አሥራ አንድ ኃላፊ። ሁሉም አንዱን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፤ “ያቺን ነገር ማን ነበር ያስቀመጣት? አሁን የት አለ?” እያለ። አንዳንዱ የሚጠይቀው ሰው በሕይወት የለም። የሸበተው ሰው ተመልሶ ሲመጣ የሰማውን አልነገረንም። ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ፤ እስከ ምሳ ቀና አላለም።

ወረቀቷ አትለጠፍም። እያንዳንዱ ክፍል እንፋሎቱ በደንብ ሲደርሰው ቀለሙ የሚለወጠውን ተለጣፊ በየጥጉ እየለጠፈ የራሱን ድስት ይፈትሻል፤ ያገኘውንም ከነምክንያቱ ይጽፋል። የእኔም ነገር ታውቋል። ከየካቲት 1 ጀምሮ ወደ ድሮው ክፍሌ፣ በባለ ክራቫቱ ሥር፣ በምክትልነት። ደብዳቤው ሲሰጠኝ አላለቀስኩም፤ ማታ ግን አለቀስኩ። ስንት ሰው አጨብጭቦ ነበር የሸኘኝ፤ አሁን በየትኛው ፊቴ ነው ያንን በር የምገባው?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን መልሺልኝ። ያልነገርሽኝ ሌላ ነገር አለ?

ልጅሽ


ጥር 16

ለልጄ፣

በየትኛው ፊቴ አልሽ። በዚያው ፊትሽ ነዋ፣ ሌላ ማን ያበድርሻል?

ሌላ አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እዚያ ክፍል አምስት ኃላፊ አይቻለሁ፤ ካይዘን ያሉትም፣ ጥራት ያሉትም መጥተው ሄደዋል። ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ አንቺም ዛሬ ገና ነው። አለ። ሰባት ነገር አለ። በሌላ ወረቀት ከነምክንያቱ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ለባለ ክራቫቱም አንድ ግልባጭ ሰጠሁት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ክራቫቱን አላላ። እኔን አላባረሩኝም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው የሰጡኝ፣ ይገባኛል። ጀሶውም ወልቋል።

አራተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ናት። ቁስሏ ሁለተኛ ጊዜ ተከፍቶ ታጠበ። ያኔ ያልጻፍኩልሽ ትተርፍ አትተርፍ ስላልታወቀ ነው። ተርፋለች። ቤቷ ገብታ ተኝታለች፤ የስፌት መኪናዋ ላይ አንሶላ ተጥሎበታል፣ ገና መቀመጥ አትችልም። ልጇን እናቷ ናት የምትይዘው።

ትናንት በምርኩዝ ሄጄ ነገርኳት። ማንም አልላከኝም። ከሳህኗ ጀምሬ እስከ ደረጃው ነገርኳት። ትጮኽብኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ በሩን ራሱ ክፍቱን ነበር የተውኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና “እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?” አለች። አልገባኝም። ለካ ሐኪም ቤት “ቁስልሽን በንጽሕና አልያዝሽም” ብለዋታል። ከወር በላይ ባሏንና እናቷን “በራሴ ቆሻሻ አስቸገርኳችሁ” እያለች ይቅርታ ስትለምን ነው የኖረችው። እናቷም የመታጠቢያዋን ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ ስታፈላ።

ባሏን ከጓሮ አስጠራችው። “ድገሚለት” አለችኝ። ደገምኩለት። እሱ አልማረኝም፤ አላስገድደውም። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ስወጣ እጄን ይዛ “ለሌሎቹስ ተነግሯቸዋል?” አለችኝ።

የሦስቱን ቤት ነርሷን ጠይቄ ከታች ጽፌልሻለሁ። ድነዋል፣ ቤታቸው ናቸው፤ ነገር ግን እነሱም እስከ ዛሬ ጥፋቱ የራሳቸው ነው የሚመስላቸው። ልሄድ ተነስቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኔ የራሴን ሄጃለሁ። እነዚህ ያንቺ፣ የኃላፊዋ ናቸው። እስከ የካቲት አትቆዪ።

አክስትሽ

አንደኛዋ፣ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ሰማያዊ በር።
ሁለተኛዋ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ አትክልት ትሸጣለች።
ሦስተኛዋ፣ ድልድዩን ተሻግረሽ በስተግራ፤ መንታ ነው የወለደችው፣ ጠዋት ሂጂ።